የተተካው ሽጉጥ ወዴት ይሄዳል?

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው አንጋፋ የአሜሪካ መሣሪያ አምራች እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ ከርካሽ ሽጉጦቹ አንዱን ከምርት አውጥቶ በተሻሻለ ሞዴል ተካው። የወጣው ኤስዲ 9 ቪኢ ይባላል፤ የተካው ደግሞ ኤስዲ 9 2.0። አዲሱ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ወደ 350 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም በዚያ አገር ለአዲስ ሽጉጥ ዝቅተኛ የሚባል ዋጋ ነው። የቀድሞው ቃታ ይከብዳል፣ ለመሳብም ይረዝማል እየተባለ ለዓመታት ሲወቀስ ቆይቷል። በአዲሱ ላይ ቃታው ተለውጧል፤ የላይኛው ተንሸራታች ብረትም በእጅ ሲሳብ እንዳያዳልጥ ተደርጎ ተሠርቷል። የዚህ ርካሽ ሽጉጥ ሐረግ ሲግማ ከተባለውና እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣው ሞዴል ይመዘዛል፤ ያ ሽጉጥ የኦስትሪያውን ግሎክ አስመስሎ ተሠርቷል ተብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ያስካሰሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየተሻሻለ፣ አንዱ ሌላውን እየተካ እዚህ ደርሷል። የብራዚሉ ታውረስም እንዲሁ ርካሽ ሽጉጡን ጂ2ሲን አሻሽሎ ጂ3ሲን አምጥቷል።

ለአሜሪካዊው ገዢ ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ የተሻለ ዕቃ በዚያው ዋጋ አገኘ። እኔን ያሳሰበኝ የተተካው ነው። ስልክ በጥቂት ዓመታት ባትሪው ይደክማል፣ ይጣላል። ሽጉጥ ግን ዘይት እየተቀባ ከተቀመጠ ከሠራውም ከገዛውም ሰው በላይ ይኖራል። አዲስ ሞዴል ሲወጣ አሮጌው አይቀልጥም፤ ዋጋው ይወርዳል፣ ከመጀመሪያው ገበያ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። የመጨረሻው ገበያ ድሃው፣ ጥበቃው የላላውና ጠቡ የበዛው አገር ነው። ይኸው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ አምቦ ይገባል እያልኩ አይደለም። የምናገረው ገበያው ስለሚሠራበት መንገድ ነው፤ ሸዋም ይህን መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ታውቀዋለች።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ከታጁራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ አንኮበር የገባው 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት አስጭኖ ነበር። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ውስጥ ከአገልግሎት ከወጡ አርባ ዓመት የሆናቸው የጥንት መሣሪያዎች መሆናቸውን ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ አልሸሸገም። ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገኘው ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ በአርባ ፍራንክ ገደማ ይሸጥ ነበር። ምኒልክ ግን የሚገዙትን ያውቁ ነበር። እንጦጦ ላይ ከነጋዴው ጋር ተከራክረው ዋጋውን አሳነሱ፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ከሒሳቡ ቀነሱ፣ የቀረውን ሐረር ከራስ መኮንን እንዲቀበል አደረጉት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለሠራዊቷ ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትሰጥ ከአገልግሎት የወጣው ግራ፣ ባላገሩ ውጅግራ ያለው፣ በገፍ ወደዚህ ወረደ። ዓድዋ ላይም ከዋነኞቹ መሣሪያዎቻችን አንዱ ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያኔና አሁን የሚለያዩበትን ለማሳየት ነው። ያኔ የአውሮፓን ትርፍ መሣሪያ የገዛው መንግሥት ነበር። ገዢው ይታወቃል፣ መግቢያው ይታወቃል፣ መሣሪያውን የሚያድለው ሰው ይታወቃል፣ የተፈለገበትም ዓላማ አገር መጠበቅ ነበር። ዛሬ ርካሹ ሽጉጥ የሚገባው በነዳጅ ቦቴ ውስጥና በጭነት ሥር ተደብቆ ነው። ገዢውም አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ጎረምሳ ነው። በወገቡ ምን እንደያዘ ሚስቱም ላታውቅ ትችላለች።

ምዕራብ ሸዋ ከመሣሪያ ጋር ያላት ዝምድና የቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ቡራዩ አጠገብ ታጠቅን ያገኛል፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ከየገጠሩ የሰበሰበውን ሚሊሻ አሠልጥኖ ለሰልፍ ያበቃው እዚያ ነው። ቀጥሎ ሆለታ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ የጦር ትምህርት ቤት ያለበት። አምቦ ሳይደረስ ሰንቀሌ የፖሊስ ማሠልጠኛ አለ። አምቦ አካባቢ ደግሞ በደርግ ዘመን የተተከለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለ። አምቦን አገር የሚያውቃት በማዕድን ውሃዋ ነው፤ ጥይቱ ግን ከውሃው ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተባበሩት መንግሥታት የሰሜን ኮሪያን ማዕቀብ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ባወጡት ሪፖርት ሆሚቾ ስሙ ተነሥቷል፤ ምክንያቱ ፋብሪካው ማዕቀብ ካለበት የሰሜን ኮሪያ ድርጅት ጋር የነበረው የአቅርቦት ግንኙነት ነው። በዚህ አውራ ጎዳና ዳር ያደገ ሰው የጦር መሣሪያ ነገር ሩቅ አገር ያለ ወሬ አይሆንበትም።

መሣሪያ ከመንግሥት እጅ ወደ ባላገር እጅ የወረደባቸው ጊዜያትም ብዙ ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት መሣሪያ ሲሻገር ክላሽንኮቭ መጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ ክላሹን በእንጀራና በመንገድ ገንዘብ ለወጠ። ያ ሁሉ ግን ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃ ይታያል፤ በትከሻ ይነገታል፣ ለቅሶ ላይ ይወጣል፣ ማን ምን እንዳለው ጎረቤት ያውቃል። አዝመራውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ፣ ከብቱን ከሌባ የሚጠብቅበት ገበሬ አለ። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁም ጠመንጃው ፊታቸው ነው። ሽጉጥ ይህ ሁሉ የለውም። አዝመራ አይጠብቅም፣ ከብት አይጠብቅም። የተሠራው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ላለ ሰው ነው፤ ጥቅሙም ተደብቆ መያዙ ነው። በዚህ አቋሜ የምጸና ሰው ነኝ፦ ለአንድ ከተማ ሰላም ከአሥር የሚታዩ ጠመንጃዎች ይልቅ ሁለት የማይታዩ ሽጉጦች ይከፋሉ።

የተሻሻለ የሚለው ቃልም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባል። ሲግማን ሲያስወቅሰው የኖረው የቃታው ክብደት ነበር። ለሠለጠነ ተኳሽ ከባድ ቃታ ዒላማ ያስታል። ባልሠለጠነ እጅ፣ በቁጣና በመጠጥ መሀል ግን ያ ክብደት አንድ ቅጽበት ይሰጣል፤ በዚያች ቅጽበት ሰው ሊያስብ፣ ገላጋይም እጁን ሊይዘው ይችላል። ኤስዲ 9 ቪኢ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ የለውም፤ ካዝናው 16 ጥይት ይጎርሳል። ለመተኮስ የቀለለ ሁሉ በገዢው ሚዛን ተሻሽሏል። በመጠጥ ቤትና በሠርግ ቤት ሚዛን ግን ሌላ ፍርድ አለው።

ወደ እኛ የሚገቡት በአብዛኛው ከአሜሪካ አይደሉም። በ2010 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ፖሊስና ጉምሩክ ደጋግመው የያዟቸው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች ናቸው። ቱርክ ባለፉት ሃያ ዓመታት ርካሽ ሽጉጥ በማምረት ከዓለም ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ ሆናለች፤ አምራቾቿም እንደ አሜሪካኖቹ በየጊዜው ሞዴል ይለውጣሉ። ከእነዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነትም አለ፦ ለድምፅ ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ ባዶ ጥይት የሚያስጮህ ሽጉጥ። በብዙ አገር ያለ ፈቃድ ስለሚሸጥ ነጋዴው በቀላሉ ይገዛዋል፤ ከዚያ በአንድ ትንሽ ወርክሾፕ አፈሙዙ ተበስቶ ወይም ተለውጦ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ይደረጋል። በአፍሪካ ቀንድ የትናንሽ መሣሪያ ተመራማሪዎች ይህን በጥብቅ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ብረቱ ለዚያ ግፊት ስላልተሠራ የያዘው ሰው እጅ ውስጥ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የፈቃዱንና የቁጥጥሩን ሥራ ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። በልማድ መሣሪያ በሚያዝባቸው አካባቢዎች ያለው መሣሪያ ተመዝግቦ ሕጋዊ የሚሆንበትንም መንገድ አስቀምጧል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ናይሮቢ ላይ የተፈረመው የትናንሽ መሣሪያዎች ፕሮቶኮል ፈራሚም ናት፤ ያ ስምምነት እያንዳንዱ መሣሪያ ሲሠራና ወደ አገር ሲገባ ልዩ ምልክት እንዲታተምበት ይጠይቃል።

ነገር ግን የአምቦ ሰው ለምን አያስመዘግብም ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ታሪኩን ማወቅ አለበት። ይህች ከተማ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተማሪዎቿና ነዋሪዎቿ በጸጥታ ኃይል ጥይት የወደቁባት ናት። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደለውን ልጇን ሃጫሉ ሁንዴሳን በእንባ የቀበረችም እሷው ናት፤ ያ ግድያ ስንት ሌላ ሞት እንዳስከተለ አገር ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየመንገዱ እገታ በዛ፤ ሹፌርና ነጋዴ ከተሳፋሪ ጋር እየታገተ ማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ከጊንጪ ጌዶ፣ ከጉደር ባኮ የሚመላለስ ነጋዴ ራሴን ልጠብቅ ብሎ ሽጉጥ ቢፈልግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም ክላሽ ይዞ መንገድ የዘጋ ቡድን በአንድ ሽጉጥ አይመለስም። የነጋዴው ሽጉጥ አጋቹ እጅ ይገባል፣ ወይም ቤት ተቀምጦ የልጅ መጫወቻ ይሆናል፣ ወይም በወንድማማቾች የመሬት ጠብ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ከመንግሥት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ፖሊስ መሣሪያ ሲይዝ ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ይህን ያህል ጥይት ብሎ ቁጥር ይነግረናል፤ በቴሌቪዥንም ተደርድረው እናያቸዋለን። የማይነገረን አብዛኛውን ጊዜ የሽጉጡ ማንነት ነው፦ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ የተሠራበት ዓመት፣ መለያ ቁጥሩ ያለ ወይም የተፋቀ መሆኑ፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ የታተመው ምልክት። ቁጥሩ ስለ ፍተሻው ጉብዝና ይነግረናል፤ ስለ ምንጩ የሚነግረን ግን ይህ ነው። የተያዙት ባለፈው ዓመት ከምርት የወጣ አንድ ሞዴል ከሆኑ አንድ ቦታ መጋዘን እየተራገፈ ነው ማለት ነው፤ የሚጠየቀውም የላከው አገር ነው። ማካሮቭ የተባሉት አሮጌ የሶቪየት ሽጉጦች ከሆኑ ውሃው የሚፈስሰው ከራሳችን ግምጃ ቤት ነው። ባዶ ጥይት የሚተኩሱት ተለውጠው ከሆነ ወርክሾፑ ይፈለግ። ጥይቱም ቢሆን የት እንደተመረተ ቀለሃው ይናገራል፤ ምልክቱ የእኛው ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ከየትኛው ክምችት እንደወጣ ሊጠየቅ ይገባል። እነዚህ ሦስትና አራት ዓይነት በሽታዎች ናቸው፤ እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ቁጥር ደምረን በአንድ መድኃኒት፣ በኬላ ፍተሻ፣ እናክማቸዋለን።

መረጃው ይፋ ቢሆን ሌላም ጥቅም አለው። የአምቦና የጊንጪ ነዋሪ የተያዘው መሣሪያ ተመዝግቦ የት እንደደረሰ ካወቀ፣ ዛሬ ከጎረቤቱ የተወሰደው ነገ በሌላ ታጣቂ እጅ ተመልሶ አይመጣብኝም ብሎ ያምናል። ምዝገባ የሚሰምረው እንዲህ ያለ እምነት ሲኖር ነው። የዘመቻ ፍተሻ ግን፣ ለዓመታት እንዳየነው፣ መሣሪያውን ከአልጋ ሥር ወደ ጉድጓድ ከማዛወር ያለፈ ነገር አላደረገም።

የፌዴራል ፖሊስና የኦሮሚያ ፖሊስ የሚይዟቸውን ሽጉጦች አምራች፣ ሞዴልና ምልክት በየስድስት ወሩ ለሕዝብ ያሳውቁ። የምዕራብ ሸዋን ሕዝብ ወክለው ምክር ቤት የተቀመጡ እንደራሴዎችም ይህን ጥያቄ በቀጣዩ ስብሰባ ያንሡ።