ዝናብ የሞላበት ምድር፣ ንጹሕ ውሃ ያጣ ተማሪ

ኢሉባቦር ውሃ የሚያንሳት ምድር አይደለችም። በጎሬ ዙሪያ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ ሶርም በመቱ አቅራቢያ አልፎ ገባ ከተባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ሁሉ ሀብት እያለ የገጠሩ ተማሪ ከደፈረሰ ምንጭ መጠጣቱን የተፈጥሮ ዕጣ አድርገው የሚያቀርቡትን ወገኖች አጥብቀን እንቃወማለን። ጉዳዩ የመደራጀትና ያለመደራጀት ጉዳይ ነው!

ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሜዳውን ቆሻሻና እበት ጠርጎ አጥር ወደሌለው ምንጭ ያስገባል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ በአግባቡ ያልተያዘ የማጠቢያ ፍሳሽ ወንዙን ይበክላል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከትምህርቱ ይቀራል፤ ጀሪካን የተሸከመች ልጃገረድ ክፍል የምትገባው ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት መሆኑን ቢያውቅም፣ ውሳኔው ብቻውን ምንጭ አያጥርም።

ምንጭን ማጎልበት ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ዐይኑን በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት፣ በቧንቧ ማውጣት፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ ዙሪያውን ማጠር ነው። አስቸጋሪው ከምረቃው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። (ሪባን የሚቆርጥ መቼም አይታጣም።) አንዲት ጎሚኒ ያለቀችበት የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ የሚገዛለትና የሚፈታው ሰው ካጣ ለወራት ቆሞ ይቀራል።

ስለሆነም በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ የምትገኙ የቧንቧና የብየዳ ሠራተኞች፣ የሠፈር ማኅበራት አባላትም፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተረከቡ። የትምህርት ቤቱ የውሃ ኮሚቴ የመለዋወጫ ገንዘብ በየወሩ ያጠራቅም፤ እናንተም ከመካከላችሁ ሁለት ወጣቶች ፓምፕ መፍታትና መግጠም እንዲማሩ አድርጉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት አሸንዳና ታንከር ይገጠም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ያጥብና ይደፋ፣ ቀጥሎ የሚጠራቀመውም በክሎሪን ታክሞ ይጠጣ። ሥራው በበጋው ይጀመር።