የተዘጋ ደጅና የተቆፈረ መደብ

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስና ብዙ መንግሥታት ዜጎቻቸው ከቤት እንዳይወጡ ሲደነግጉ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የአትክልት ዘር ሻጮች የሚጎርፍላቸውን ትእዛዝ ማስተናገድ እስኪያቅታቸው ድረስ ገበያቸው ደራ። ከዚያ በፊት አፈር ነክተው የማያውቁ የከተማ ሰዎች በመስኮት ደፍ ላይ ቲማቲም አበቀሉ፤ ሌሎችም ሹራብ መሥራትን፣ ጥልፍንና ዳቦ መጋገርን ከመሠረቱ ጀምረው ተማሩ። ለዚህ ዝንባሌ በጊዜው በብዛት የተሰጡት ምክንያቶች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው ሰዎች ያልለመዱትን ትርፍ ጊዜ ማግኘታቸው፣ ሁለተኛው ተፈጥሮ በራሷ አእምሮን የምታረጋጋ መሆኗ ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ባይሆኑም የጉዳዩን አስኳል ግን አይነኩም። በዚያ ወቅት ትርፍ ጊዜ ራሱ ከዋነኞቹ የጭንቀት መነሻዎች አንዱ ነበር፤ የጓሮ ሥራና ጸጥ ያለ የእጅ ሥራም ሰውን ያረጋጉት፣ የራሱ ዕድገትና የራሱ ወቅት ላለው ነገር በፈቃዱ እንዲታዘዝ አድርገው ቅርጹን ያጣውን ቀን መልሰው ስላበጁለት ነው። ነገሩ በዚህ መንገድ ከታየ እርጋታ የግለሰብ ጠባይ ውጤት ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም፤ የሚቆፈር መሬትና ለራስ የሚተርፍ ሰዓት ያለው ማን እንደሆነ መጠየቅን ያስከትላል።

ሥራ የሌለው ጊዜ በሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር ከወረርሽኙ ዘጠና ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በኦስትሪያ በጥልቀት ተጠንቷል። ከቪየና በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ማሪየንታል በተባለች መንደር፣ ነዋሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚተዳደርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ተዘጋ፤ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል በዚያ ያካሄዱትን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተሙ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ውጤት ከተለመደው ግምት ጋር የሚጋጭ ነበር። የመንደሩ ሰው ቀኑን ሙሉ ነጻ ስለሆነ የበለጠ ያነብባል ተብሎ ሊጠበቅ ሲችል፣ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው የመጽሐፍ ብዛት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ወንዶቹ በመንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ቀዘቀዘ፣ በየጥቂቱም ቆም ይሉ ጀመር፤ የዋሉበትን በሰዓት ከፋፍለው እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ ከእንቅልፍ መነሣትን፣ ምግብንና መኝታን ከመሳሰሉት ጥቂት ምልክቶች በቀር በመካከል ያለውን ጊዜ በምን እንዳሳለፉት መናገር ያቅታቸው ነበር። የፋብሪካው ፉጨትና የፈረቃ ደወል ከውጭ ይዘውት የነበረው ቀን፣ እነርሱ ሲጠፉ በራሱ መቆም አልቻለም።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ብዙም ያልተጠቀሰ፣ ለዚህ ክርክር ግን እጅግ ጠቃሚ የሆነ አንድ ምልከታ አለ። የማሪየንታል ቤተሰቦች ለምግብ የሚሆን አትክልት የሚያበቅሉባቸው ትናንሽ የጓሮ መሬቶች ነበሯቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ፣ ድንች ለቤቱ የሕልውና ጉዳይ በሆነበት በዚያ ጊዜ፣ ከመደባቸው ከፊሉን ጽጌረዳና ሌሎች አበቦች ተክለውበት ተገኙ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ሰው በምግብ ብቻ እንደማይኖርና ነፍስም የራሷ ድርሻ እንደሚያስፈልጋት መለሱ። ይህን እንደ ድሃ ሰው ቅንጦት የሚቆጥር ይኖር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ መጽሐፍ የማንበብ አቅም እንኳ ባጣ መንደር ውስጥ አበባ ለመትከል የሚያበቃ አቅም መትረፉ ቀላል ነገር አይደለም። መጽሐፍ ሳይገለጥ ቢውል አይጠወልግም፤ የተተከለ ችግኝ ግን ውኃ ካላገኘ ይደርቃል፣ በመሆኑም ጠዋት የመነሣት ምክንያት ይሆናል።

ቀን ቅርጹን ሲያጣ የሚፈጠረው የመንፈስ ሁኔታ ለገዳማውያን አዲስ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ፣ በበኣቱ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ በቀትር ጋኔን እንደሚፈተን ጽፏል፤ በዚያ ፈተና ፀሐይ የቆመች ትመስላለች፣ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ያለው ያህል ይረዝማል፣ ዓይንም ወደ መስኮቱ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአንዲት ክፍል ውስጥ ተወስኖ የዋለ ሰው ይህን መግለጫ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የበረሃ አባቶች ያገኙት መፍትሔም ከእጅ ሥራ የተለየ አልነበረም፤ አባ እንጦንስ በስልቹነት በተያዘ ጊዜ፣ እርሱን የመሰለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲጎነጉን እንደታየውና ይህን እንዲከተል እንደተነገረው በአበው ዜና ተመዝግቧል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ገመዱ ራሱ አይደለም፤ ጸሎትና ሥራ ተፈራርቀው ቀኑን የሚከፋፍሉት መሆኑ ነው።

መዘጋት በሰው ላይ በግድ ሲጫን ደግሞ ከጊዜው ቅርጽ ጋር ሌላ ነገርም አብሮ ይጠፋል፤ ይኸውም በአንድ ነገር ላይ የመወሰን ሥልጣን ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመን በግዛቷ ያገኘቻቸውን ከ4000 በላይ ብሪታኒያውያን ወንዶች በርሊን ዳር በሚገኘው በሩህሌበን የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ አግዳ ያዘቻቸው፤ ብዙዎቹም በፈረስ ጋጣዎች ውስጥ ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1916 የአትክልተኞች ማኅበር መሠረቱ፣ ማኅበራቸውንም በለንደን ከሚገኘው የንጉሣዊው የአትክልት ልማት ማኅበር ጋር አቆራኝተው ከዚያ ዘርና ለተከላ የሚሆን የአበባ ራስ ተላከላቸው። ከግዞት መቼ እንደሚወጣ የማያውቅ ሰው በሚቀጥለው ጸደይ የሚፈካ አበባ መትከሉ፣ ሌሎች የነጠቁትን ነገ በትንሹም ቢሆን እንደገና የራሱ ማድረጉ ነው።

ከዚህም በላይ ገላጭ የሆነው ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ ይመጣል። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት በታሰሩበት ዘመን በግቢው ጥግ ጥቂት መሬት እንዲፈቀድላቸው ለዓመታት ጠይቀው በመጨረሻ ተፈቀደላቸው፤ ድንጋያማና ደረቅ የነበረውን መሬት ቆፍረውም ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት አበቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 በኬፕታውን ወደሚገኘው የፖልስሙር እስር ቤት ከተዛወሩ በኋላ፣ በሕንጻው ጣሪያ ላይ በሚገኝ ስፍራ፣ ለሁለት በተቆረጡ የዘይት በርሜሎች ውስጥ አፈር አስሞልተው 32 መደቦችን አዘጋጁ፤ ከምርቱም ለእስር ቤቱ ወጥ ቤትና ለጠባቂዎች ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ፣ አትክልት በእስር ቤት ሰው ሊያዝዝባቸው ከሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እንደነበር ገልጸዋል። መልካም ሽታውን ወይም ውበቱን ከማንሣታቸው ይልቅ በእጅ ያለ ሥልጣን መሆኑን ማስቀደማቸው ሊጤን ይገባዋል፤ አትክልቱ ሲታረም የሚለመልም፣ ሲዘነጋ የሚደርቅ፣ ማለትም ለሰው ድርጊት የሚመልስ ነገር ነበር። ወረርሽኙ በነበረበት ወቅት ሰው በየቀኑ በስልኩና በቴሌቪዥኑ የሚከታተለው የሟቾች ቁጥር በዚህ ረገድ ፍጹም ተቃራኒው ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚያደርገው ምንም ነገር በዚያ ቁጥር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በዓይኑ ማየት አይችልም።

የሥነ ልቦና ምርምርም ይህን አመለካከት የሚያጠናክር ማስረጃ ይሰጣል። አግነስ ቫን ደን በርግና ማሪየት ኩስተርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት የኔዘርላንድስ ሙከራ፣ 30 አትክልተኞች በመጀመሪያ አስጨናቂ ፈተና እንዲሠሩ ከተደረጉ በኋላ፣ ከፊሎቹ ለግማሽ ሰዓት በየመደባቸው እንዲሠሩ፣ ከፊሎቹ በቤት ውስጥ እንዲያነብቡ ተደረገ። ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ወገን ቢቀንስም፣ በመደባቸው በሠሩት ዘንድ ይበልጥ ቀነሰ፤ የእነርሱ ስሜት ወደ ነበረበት ሲመለስ የአንባቢዎቹ ግን ጭራሽ ወረደ። ሙከራው አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ተሳታፊዎቹ አስቀድመው አትክልት የሚወድዱ ስለነበሩ፣ ማንኛውም ሰው መቆፈሪያ ቢጨብጥ እንደሚረጋጋ አያረጋግጥም፤ የሚያሳየው ግን ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ማረፍና ራስን ለአንድ ሥራ መስጠት እኩል ውጤት እንደሌላቸው ያመለክታል። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረቡት ትንታኔ መሠረት፣ ሰው በትግል የሚይዘው ትኩረት እንደ ማንኛውም ኃይል ይደክማል፤ የሚታደሰውም ትኩረትን ሳያስገድዱ በለሆሳስ የሚስቡ ነገሮች ዘንድ ሲቆይ ነው። ቅጠል፣ አፈርና ውኃ ከእነዚህ ይቆጠራሉ።

ሆኖም ይህ ትንታኔ ብቻውን የእጅ ሥራን አያስረዳም፣ ሹራብና ጥልፍ ቅጠልም አፈርም የላቸውምና። ለዚህ የሚሻለው ማስረጃ በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ለዘመናት የኖረው ስፌት ነው። ወስፌ ይዛ በስንደዶና በአክርማ ሰፌድ ወይም መሶብ የምትሰፋ ሴት፣ በአለላ የምታወጣውን ጌጥ እየቆጠረች ትሄዳለች፤ ቁጥሩ ከተዛባ ጌጡ ይዛባል፣ ስለዚህ ሐሳቧ ከእጇ ብዙ ሊርቅ አይችልም፣ እጇ ግን ከልምድ የተነሣ ለጨዋታና ለቡና ፋታ ይሰጣታል። ጥጥ መፍተልም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እንዝርቱ ሲሾር ክሩ ከቀጠነ ይበጠሳል፣ ከወፈረም ለሸማኔው አይሆንም። እነዚህ ሥራዎች የሚሠሩት ለቤት መገልገያና ለገቢ ስለሆነ በመዝናኛነት አይመደቡም፤ ይህም የሚያሳየው የሚያረጋጋው ነገር የሥራው ትርፍነት እንዳልሆነ ነው። ሃንጋሪያዊ-አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ በአንድ ሥራ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መመሰጥን ሲያጠና፣ መመሰጡ የሚመጣው የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታ ሲመጣጠኑ፣ እንዲሁም ሥራው እየሄደ ያለበት ሁኔታ ወዲያው ሲታወቅ እንደሆነ አመልክቷል፤ ስፌት ሁለቱንም ያሟላል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ትክክል ከሆነ፣ በወረርሽኙ ወቅት ሰዎችን አትክልት ትከሉና ተረጋጉ ብሎ መምከር ግማሽ ምክር ብቻ ነበር። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2020 የቤት መቀመጥ ትእዛዝ ሲተላለፍ፣ ደጃፉ መሬት ያለው ሰው ዘመኑን በአንድ መልክ፣ የሌለው በሌላ መልክ አሳለፈው። የሀገሪቱ ብሔራዊ ስታትስቲክስ ቢሮ በዚያው ዓመት ግንቦት ባወጣው መረጃ መሠረት፣ ከስምንት ቤተሰቦች አንዱ የግልም ሆነ የጋራ የአትክልት ስፍራ አልነበረውም፤ በለንደን ይህ ቁጥር ከአምስት አንድ ገደማ ይደርስ ነበር። በእንግሊዝ ጥቁሮች በቤታቸው ምንም ዓይነት የውጭ ስፍራ የማጣት ዕድላቸው ከነጮች አራት እጥፍ ገደማ ነበር፤ ለንደን ውስጥ በኪራይ ፎቅ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ እውነታ ውጭ አልነበሩም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች ለሚጠይቁ ነዋሪዎች በትንሽ ኪራይ የሚታረስ ቁራጭ መሬት እንዲያቀርቡ ያስገድድ ስለነበር፣ ጓሮ ያልነበራቸው አንዳንድ ቤተሰቦች በእገዳው ወቅትም ወደዚያ መሬት እየሄዱ መሥራት ችለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሌላ ምክንያት የወጣ ሕግ፣ ማንም ባልገመተው ችግር ጊዜ የመንፈስ መጠጊያ ሆኖ ተገኘ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቢከለከልም፣ አብዛኛው የከተማ ሰው የዕለት እንጀራውን በዕለቱ የሚያገኝ በመሆኑ አጠቃላይ የቤት መዘጋት አልታወጀም። የሆነው ሆኖ ቤቱ የዋለው ሰው ያረፈበት ቤት ከአያቶቹ ቤት በአንድ ነገር ይለይ ነበር። በቀድሞው የአዲስ አበባ ግቢ ጠባብም ቢሆን ጓሮ ነበረ፤ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ዳማከሴው በዚያ ይበቅሉ ነበር። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ያለው በረንዳ ነው፤ በዚያም ላይ በተቆረጠ ጀሪካንና በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ጎመንና ጤና አዳም የሚያበቅለው ሰው ጥረት የሚደነቅ ቢሆንም፣ በሕንጻዎቹ መካከል ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ለመኪና ማቆሚያ የተተወ ወይም ባለቤት አልባ ሆኖ የሚቀር ነው። ቤት በሚታቀድበት ጊዜ ከዚያ መሬት ጥቂቱን ሳይነጥፉ ማስቀረትና የውኃ ቧንቧ እስከዚያ ማድረስ የሚጠይቀው ወጪ ከሕንጻው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መሬቱ ቢገኝ እንኳ የሰዓቱ ጥያቄ አይፈታም። የማሪየንታል ተመራማሪዎች የመንደሩ ሴቶች ደመወዝ ቢያጡም ሥራ እንዳላጡ፣ ቀናቸውም በምግብ፣ በልብስ እጥበትና በልጆች እንደተሞላ፣ በመንገድ ላይም ከወንዶቹ ፈጥነው ይራመዱ እንደነበር መዝግበዋል። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ የዋሉት በአብዛኛው ከእናታቸው ጋር ነው፤ እርሷም ቅርጽ ያጣ ቀን አልገጠማትም፣ የገጠማት ከአቅም በላይ የታጨቀ ቀን ነው። ለባሏ የጎመን መደቡ ቀኑን የሚያቆምለት ምሰሶ ሲሆን፣ ለእርሷ በሥራዎቿ ላይ የተጨመረ አንድ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ስፌቷንም የምታነሣው ሌላው የቤቱ ሥራ ሲያልቅ ነው፣ ያም ሥራ በዚያ ወቅት አላለቀም። ስለዚህ ጓሮ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ጥያቄ፣ መደቡ በሚቆፈርበት ሰዓት ልጆቹን ማን ይይዛል፣ ውኃውን ማን ይቀዳል ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊመለስ አይችልም።