የአፍንጫ አለርጂ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፦ ለተለመደው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

«አለርጂ የልጅና የወጣት ነው፤ ሃምሳን ያለፈ ሰው አፍንጫው ከታፈነ ወይ ሳይነስ ነው ወይ ብርድ መትቶታል» የሚለው አስተያየት በሰፈር ወሬም በሕክምና ቤትም ይሰማል። መነሻ የለውም አልልም። የአውሮፓ ጥናቶች በቆዳ ምርመራ አለርጂ የሚታይባቸው ሰዎች በወጣትነት በዝተው ኋላ እንደሚቀንሱ፣ በደም ውስጥ ያለው አይጂኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካልም በዕድሜ ዝቅ እንደሚል ያሳያሉ። ጥፋቱ ከዚህ ተነስቶ አዛውንቱን ሳይመረምሩ ማሰናበት ነው።

የሃያና የስድሳ ዓመት ሰዎችን በአንድ ወቅት መርምሮ ልዩነቱን ለእርጅና ብቻ መስጠት አይቻልም። ያደጉበት ዘመን ይለያያል፤ በእኛ አገር ደግሞ ያደጉበት ስፍራም ጭምር። ዛሬ ወሎ ሰፈር አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ አባት ልጅነታቸውን በገጠር፣ ከከብት ጋር፣ በባዶ እግር አሳልፈው ይሆናል፤ ልጃቸው ያደገው ግን ምንጣፍ ላይ ነው።

የዕድገትና የኑሮ ስፍራ ምን ያህል እንደሚከብድ በጅማ የተሠራ አንድ ጥናት ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት የታተመው ይህ ሥራ 12,876 የከተማና የገጠር ነዋሪዎችን ያካተተ ነበር። በአቧራ ውስጥ ለሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቆዳቸው ምላሽ የሰጠ ሰዎች በገጠር ይበዙ ነበር፤ አስም ግን የበዛው በከተማ ነው። የቆዳው ምላሽ ከአስም ጋር ተያይዞ የተገኘውም በከተማ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ እዚያው ጅማ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን አገኘ። ጥናቶቹ ስለ አፍንጫ አይደሉም። ሆኖም የቆዳ ምላሽና ሕመም አንድ አለመሆናቸውን፣ የሚያገናኛቸውም የኑሮ ሁኔታ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁሙናል። ስለዚህ ጎልምሶ ወደ ከተማ የገባ ሰው ሕመሙ በአርባ አምስት ዓመቱ ቢጀምረው ሊያስደንቀን አይገባም ብዬ አምናለሁ።

የቦሌ መንገድ አቧራና የመኪና ጭስም አለርጂ የሌለበትን አፍንጫ ያስቆጣል፤ በአረጋውያን ላይ እንዲህ ያለው ሕመም በእርግጥም ይበዛል። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ እንጂ የልደት ዓመት አይደለም። ያረጀ ቆዳ በቆዳ ምርመራ ለማነጻጸሪያ ለሚደረገው ሂስታሚን ራሱ ደካማ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ የአለርጂው እብጠት ከሂስታሚኑ ጋር ተነጻጽሮ መነበብ አለበት፤ ከምርመራው ቀናት በፊትም ሴትሪዚንን የመሰሉ የአለርጂ መድኃኒቶች መቋረጥ አለባቸው። ሳይመረመር «ሳይነስ ነው» የተባለ ሰው በከንቱ አንቲባዮቲክ ይደጋግማል። የቆየውን የአለርጂ መድኃኒት ክሎርፌኒራሚንን የሚውጡት አዛውንት ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ፕሮስቴታቸው ካበጠ ሽንት ሊከለክላቸውም ይችላል።

ክሊኒኮቻችን በታካሚው ካርድ ላይ ከዕድሜ ጎን የት እንዳደገና መቼ ከተማ እንደገባ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ስለ አዲስ አበባ አዋቂዎች በራሳችን መረጃ መነጋገር እንጀምራለን።