91 ላይ ማን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይናገር?

ዲጂታል አማተር ሬዲዮ የጀመረ ሰው ቶክግሩፕን እንደ ሞገድ ቁጥር ቢቆጥረው አይደንቅም፤ ብዙው ችግር የሚመነጨው ግን ከዚሁ ነው። ቶክግሩፕ ሞገድ ሳይሆን ድምፁ ለማን እንደሚደርስ የሚወስን አድራሻ ነው። ዲኤምአር በተባለው የዲጂታል ሬዲዮ ሥርዓት 12.5 ኪሎኸርዝ የሆነው ቻናል በጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ሪፒተር (ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሁለት ንግግር ብቻ ነው። በብራንድማይስተር ኔትወርክ 91 ዓለም አቀፉ ቶክግሩፕ (ቡድን) ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እዚያ ስለ አንቴናቸው ሲያወጉ፣ 91ን በቋሚነት የከፈቱ ሪፒተሮች ሁሉ፣ በየትኛውም አህጉር ቢሆኑ፣ ከሁለቱ ክፍላቸው አንዱን ለዚያ ወሬ ያስረክባሉ። የአካባቢው ተናጋሪ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ 91 መጠራሪያ ይሁን፤ የተገናኙት ወደ ጠበበ ቡድን ይዛወሩ ባይ ነኝ።

«ሁሉም ከዚያ ከሸሸ ማን ይመልስልናል?» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ የአገር ቡድኖች፣ ለምሳሌ የብሪታንያው 235፣ ጭር የሚሉበት ሰዓት አለ። ጭርታውን የሚያባብሰው ግን ጠሪው መጀመሪያ እዚያ ሳይሞክር በቀጥታ 91 ላይ መውጣቱ ነው። «እኔ የምጠቀመው በቤቴ ሆትስፖት ነው፤ የማንንም ሪፒተር አልያዝኩም» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ሆትስፖቱ፣ ማለትም ሬዲዮን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ትንሽ መሣሪያ፣ የግል ቢሆንም ድምፁ በኢንተርኔት አልፎ የሚወጣው በሌሎች ሪፒተሮች ላይ ነው፤ ባለቤቱ ስለማያያቸው ብቻ ነፃ አይሆኑም።