ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ፦ የዱመርሶ ማሳዎች በድረ ገጽ ካርታ ላይ

በጌዴኦ ዞን ቡና፣ እንሰትና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ይበቅላሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የደን ምንጠራን የሚመለከት ደንብም ቡና አስመጪዎች የማሳውን መገኛ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከእነዚህ ወዲህ የማሳን ቦታ በትክክል ማመልከት የተመራማሪ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የገበሬው ገበያም በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ደንቡ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ የዙሪያውን ወሰን ይጠይቃል። ከዚያ ላነሰ ግን አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይኑራቸው ይላል። የዱመርሶና የአካባቢው ገበሬ ማሳ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር እምብዛም ስለማያልፍ በሁለተኛው መንገድ ይስተናገዳል። ስድስተኛው አሃዝ በመሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ይህ አሃዝ የሚሰጠው የእርግጠኝነት ስሜት ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችልና ምንጩም ብዙውን ጊዜ በድረ ገጹ ጃቫስክሪፕት ውስጥ የተቀመጠች አንዲት መስመር እንደሆነች ነው።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት በአዲንዳን ዳተም ላይ ነው። ስሙ የተገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ መነሻ ነጥብ ሲሆን፣ የምድርን ቅርጽ የሚወክለው ክላርክ 1880 የተሰኘው ኤሊፕሶይድ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በሁለቱም ዳተሞች ጌዴኦ የሚወድቀው በዩቲኤም ዞን 37 ሲሆን ቁጥሮቹም በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ምሥራቃዊው ስድስት አሃዝ፣ ሰሜናዊውም ስድስት አሃዝ። ብዙ የመስክ ሠራተኞች ንባባቸው ከወረቀቱ ካርታ ጋር እንዲገጥም የጂፒኤስ መሣሪያቸውን ወደ አዲንዳን ያዞሩታል። ከዚያ ቁጥሮቹ ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ ይገለበጣሉ። ሰንጠረዡ ግን ዳተሙን አይናገርም።

ውጤቱን በስሌት ማየት ይቻላል። በይርጋጨፌ አካባቢ የአዲንዳን ዩቲኤም ቁጥር እንደ ደብሊውጂኤስ 84 ቁጥር ቢነበብ፣ ነጥቡ ከእውነተኛ ቦታው 207 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 95 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል፤ በቀጥታ ሲለካ ወደ 230 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ሄክታር የሆነ ማሳ ጎኑ 70 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነጥቡ የሚያርፈው የሌላ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ነው፤ ተዳፋት በበዛበት በዚህ አገር ከወንዝ ማዶ፣ ከፋ ሲልም ጥብቅ ደን ውስጥ ሊያርፍ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በከፊል የተስተካከለው ስህተት ነው። በድረ ገጽ ላይ ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ፕሮጅፎርጄኤስ የተባለው የፕሮግራም ስብስብ አዲንዳንን ከራሱ አያውቅም፤ ትርጓሜውን ተጠቃሚው ይጽፍለታል። ዞኑንና ኤሊፕሶይዱን ጽፎ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የሚያሻግሩትን ሦስት ቁጥሮች የተወ ሰው ምንም ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። ፕሮግራሙ የዳተም ለውጡን በዝምታ ያልፈዋል፤ ነጥቡም ወደ 170 ሜትር ይስታል። ሦስቱ ቁጥሮች ቢጻፉም ጥያቄው አያበቃም። ለኢትዮጵያ የተሰላው ስብስብ −165፣ −11 እና 206 ሲሆን፣ ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የተሰላው −166፣ −15 እና 204 ነው። በጌዴኦ ሁለቱ በ3 ሜትር ያህል ይለያያሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የጥቂት ሜትር ስህተት አላቸው። ከእነዚህ በአንዱ የተለወጠ ነጥብ በስድስት አሃዝ ሲጻፍ የመጨረሻው አሃዝ ጌጥ እንጂ መረጃ አይደለም።

የአሃዞች ቅደም ተከተል መገለባበጥም አለ፤ ጂኦጄሰን ኬንትሮስን ያስቀድማል፣ ሊፍሌት ኬክሮስን። ይህኛው አያሳስበኝም። ዱመርሶን በአልጄሪያና በሰርዲንያ መካከል ባሕር ውስጥ ሲያይ የማይደነግጥ ተማሪ የለም። የሚጎዳው 170 ሜትሩ ነው፤ ነጥቡ አሁንም በቡናና በእንሰት መካከል ነውና ለዓይን ምንም አይጎረብጥም። የማሳው ወሰን ቢሳል ኖሮ ከሳተላይት ምስሉ ጋር አለመግጠሙ ይጋለጥ ነበር፤ አንዲት ነጥብ ግን ቅርጽ የላትም። ስለዚህ ደንቡ ለትንሹ ገበሬ ያደረገው ማቅለያ የስህተቱ መደበቂያም ሆኗል።

ለውጡን በተመልካቹ ኮምፒውተር ላይ ማካሄድ የሚደግፉ ባልደረቦች አሉ። ሰርቨር አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥም ይሠራል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ የእኔ አቋም የተለየ ነው። የዳተም ለውጥ የመረጃው ታሪክ አካል ስለሆነ አንድ ጊዜ፣ በመዝገብ፣ ካርታው ከመሠራቱ በፊት መከናወን አለበት። ለስክሪፕቱ የሚቀረው ከደብሊውጂኤስ 84 ወደ ዌብ መርኬተር ለዕይታ ብቻ ማሻገር ነው። ስፋት በዌብ መርኬተር መለካት ግን አይገባም፤ በጌዴኦ ማሳን ሁለት በመቶ በማይሞላ መጠን፣ በ14 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በሚገኘው ትግራይ ደግሞ ወደ ሰባት በመቶ አግዝፎ ያሳያል።

ከዚህ በመነሣት የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎች ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ፦ በመስክ የተነበበውን ቁጥር ሳይለወጥ፣ መሣሪያው በየትኛው ዳተም እንደተስተካከለ፣ እንዲሁም ለለውጡ ያገለገሉትን ሦስት ቁጥሮች። በተጨማሪም እያንዳንዱ የድረ ገጽ ካርታ አንድ የመፈተሻ ነጥብ ይኑረው፤ ለምሳሌ በ1፡50,000 ካርታ ላይ በግልጽ የሚታይ የመንገድ መጋጠሚያ፣ ቦታው ድረስ ተሄዶ በደብሊውጂኤስ 84 የተነበበ። በዚህ ልኬት የግማሽ ሚሊ ሜትር የንባብ ስህተት 25 ሜትር ስለሚሆን ፈተናው ከሁለቱ የቁጥር ስብስቦች የተሻለውን አይመርጥም፤ 170 ሜትሩንና 230 ሜትሩን ግን ያለ ጥርጥር ይይዛል። ልዩነቱ ከ50 ሜትር ሲበልጥ ስክሪፕቱ ካርታውን ከመሳል እንዲታቀብ ማድረግ ከአራት መስመር በላይ አይፈጅም።