«ሞተሩን ብቻ አስነሳልኝ»

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚገባ የሚኒያፖሊስ ወገን የሚሰጣት አደራ አንዲት ናት። ቁልፉን ለጓደኛው እያቀበለ «በሳምንት አንድ ጊዜ ሞተሩን ብቻ አስነሳልኝ» ይላል። አደራ ተቀባዩም ካፖርቱን ደርቦ ይወርዳል፤ አምስት ደቂቃ ያስጮሃታል፤ አጥፍቶ ይሄዳል። ሁለቱም ግዴታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህ ልማድ ከንቱ ነው እላለሁ።

ለመሆኑ መኪናዋ የቆመችው በሞተሩ ላይ ነው ወይስ በጎማው? ሁለት ወር ሙሉ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ካንድ ቦታ ሳይነቃነቅ የሚከርመው ጎማው ነው። መሬት የነካው ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ነፋሱ ካነሰማ ይብስበታል፤ ተነድቶ ሲሞቅም ላይመለስ ይችላል። የአምስት ደቂቃው ጩኸት ለባትሪውም ቢሆን እምብዛም አይረባው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ እንደሚቀንስ በቃላቸው ይሉት ነበር። ያ ሕግ እዚህም በመኪናችን ሥር አለ። ብርዱ 10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማ 1 ፓውንድ ያህል ግፊት ያጣል። በ50 ዲግሪ 33 የተነፋው፣ ዜሮ ሲገባ 28 ገደማ ነው። በየወሩ በራሱ ሾልኮ የሚወጣው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

«መብራቱ ይነግረኛል» የሚል አይጠፋም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 2007 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በአዲስ መኪና ላይ ግዴታ የሆነው ይህ መብራት፣ በሕግ እንዲበራ የሚገደደው ግፊቱ ከታዘዘው ልክ 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው!

ወገኖቼ፣ ሻንጣ ስንመዝን ሌሊቱን የምናጋምስ ሰዎች ለጎማ ግማሽ ሰዓት እንንፈገው? ከመሄዳችሁ በፊት ጨውና ጭቃውን አጥባችሁ አድርቁት። በሾፌሩ በር ጥግ ከተለጠፈው ልክ ጥቂት ፓውንድ አስበልጣችሁ ንፉት፤ በጎማው ጎን የተጻፈውን የመጨረሻ ልክ ግን አትለፉ። ውሃ በሚቋጥር ቦታ አታቁሙ፣ ሲረጋ ጎማውን ከመሬት ያጣብቀዋልና። ያወለቃችሁት የበጋ ጎማ ካለ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥራችሁ ከፀሐይና ከማሞቂያው ማሽን አርቁት፤ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያመነጨው ኦዞን ጎማ ይበላል።

አደራውም ይለወጥ። «መንገዱ ደህና ሲሆን ነፋሱን ለካና ሃያ ደቂቃ ንዳልኝ» በሉ። ስትመለሱ ኤርፖርት ሊቀበላችሁ የሚመጣው በዚያችው መኪና፣ በዚያው ጎማ፣ በበረዶ ላይ ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትም ልጆቻችሁ ናቸው። ሞተር ባይነሳ ታክሲ ይጠራል። ጎማ በአውራ ጎዳና ላይ ቢከዳ ግን ማን ይጠራል?