ገበሬውን «ግትር» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ሂርና ሄጄ ነበር። አንድ ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጠን ስለ ቡና ወሬ ተነሣ። (ሐረርጌ ውስጥ ስለ ቡና የሚወራው ጫት እየተቃመ መሆኑን ልብ በሉልኝ!) ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት የግብርና ባለሙያ «የእኛ ገበሬ እኮ ግትር ነው፤ ምርጥ ችግኝ ብትሰጠውም አይተክልም» አለኝ። ፊት ለፊታችን የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሰሙት። ሳቅ ብለው «አቦ ልጄ፣ እስኪያፈራ ድረስ እኔ ምን ልብላ?» አሉት። ባለሙያው መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

እስቲ «ግትር» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ይህ አዲስ ነገር አይወድም የሚባለው ገበሬ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የቡና ማሳውን በጫት የተካው ነው። ማንም አልቀሰቀሰውም፣ ሥልጠናም አልሰጠውም። ጫት በዓመት ሁለት ሦስቴ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን እጅ ይገባል። ቡና ግን ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። እናም ገበሬው አስልቶ ወሰነ። የሚያሰላ ሰው ደግሞ ግትር አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። «አዲስ ዝርያ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየደባለቅን ነው። አንዱ የተመረጠ ዝርያ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከደቡብ ምዕራብ መረጡ። እንደ 74110 እና 74112 ያሉት በቁጥር የሚጠሩ ዝርያዎች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ድቅል ነው፤ ሁለት ወላጆችን አዳቅሎ የሚገኝ ማለት ነው። የመጀመሪያው ድቅል ቡናችን «አባ ቡና» እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ።

ልዩነቱ ገበሬው ኪስ ላይ ያርፋል። ከተመረጠው ዝርያ ዘር ወስዶ ቢያፈላ ልጁ አባቱን ይመስላል። ከድቅሉ ዘር ወስዶ ቢያፈላ ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ፍሬያማ፣ አንዱ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ የችግኝ ጣቢያ ደጅ ይጠናል። «ድቅል በቆሎስ በየዓመቱ እየገዛ ይዘራ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይዘራል። በቆሎ ቢከስርበት ግን የከሰረው አንድ ክረምት ነው። የተሳሳተ ቡና የተከለ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ ትምህርት ቤት ጨርሷል።

የሐረርጌው ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የደቡብ ምዕራብ ዝርያ እዚህ አምጥቶ መትከል ዝናቡም አይመቸውም፣ የሐረር ቡና የሚታወቅበትን ጣዕምም ያጠፋል። ይህንን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተረድተው ከሐረርጌ ቡና ውስጥ መምረጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሐሩሳ፣ መቻራ 1፣ ቡልቱምና ሞካ የተባሉ አራት ዝርያዎች ወጡ። ድቅል አይደሉም፤ የአገራችን የምዕራብ ሐረርጌ አፈር የሚያውቃቸው ናቸው። ታዲያ ለሂርና ገበሬ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት የትኛው ነው? መልሱ ግልጽ ይመስለኛል።

እንዳትሳሳቱ፤ «አሮጌው ይብቃን» እያልኩ አይደለም። የአገሪቱ አማካይ ምርት በሄክታር ከስድስት ሰባት ኩንታል ብዙ አይርቅም። ዛፎቹ አርጅተዋል፣ ዝናቡ ከድቷል፣ ጫቱ ይገፋል። ዝም ብለን ከተቀመጥን የሐረር ቡና ስሙ ብቻ ይቀራል። ስሙንማ አስከብረነዋል! እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። የማውቃቸው ገበሬዎች ጀንፈል ግን ዛሬም ከሌላው ጋር ተደባልቆ በሚዛን ብቻ ይሸጣል። በጣዕሙ ካልተከፈለው ገበሬው ስለ ጣዕም ለምን ይጨነቃል?

እኔ የምለው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ማሳውን በሙሉ ንቀል አትበሉት። ሩቡን በአዲስ ችግኝ ይተካ፤ ከቀረው አሮጌውን በየተራ ይጎንድል፤ በመካከሉ ቦሎቄ ይዝራበት። ሁለተኛ፣ ችግኝ የሚሰጠው ክፍል ምን ዝርያ እንደሰጠ በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ቢበላሽ የሚጠየቅ ይኑር። ሦስተኛ፣ እስኪያፈራ ላሉት ዓመታት የሚሆን ብድር ከችግኙ ጋር አብሮ ይምጣ። አራተኛ፣ ነባሮቹን ዛፎች ጨርሰን አናጥፋ። በመካከለኛው አሜሪካ የሚወደደው ሴንትሮአሜሪካኖ የተባለው ድቅል አንዱ ወላጁ ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን ምድር የተገኘ ቡና ነው። ዛሬ የምንነቅለው የጓሮ ዛፍ ነገ የሌላ ሰው ሀብት ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ችግኙን አልጠሉም። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። መልሱን ይዞ የሄደ ባለሙያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይጠብቀዋል።